የጌታቸው ረቡዕ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት የልጅ ልጄ ማኅሌት ቁርስ አቅርባልኝ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። በቃሪያ የተጠበሰ እንቁላል ነው፤ ከጎኑ ረዥሙ ትኩስ ዳቦ። "ረቡዕ ነው" አልኳትና ሳህኑን በአንድ ጣቴ ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት። አየችኝ። የዛሬ ልጆች ሲያዩ ረዥም ነው የሚያዩት፤ እኔ በእሷ ዕድሜ አያቴን እንዲያ ባየው ኖሮ ከዚያ በኋላ የማየው ሌላ ነገር አይተርፈኝም ነበር። ስለ እንቁላሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣

"አባባ፣ ዛሬ ካምፓስ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለችኝ።

"እኔ? ምን ልሠራ? ልፈተን?"

"ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነው።"

"ፈራሁ" የምትል ቃል ከልጅ አፍ ስትወጣ የሽማግሌ ወገብ ይቀናል። ምን እንደምትፈራ እንኳ አልጠየቅኩም። ኮቴን አጠለቅኩ። በሚያዝያ መጨረሻ ጅቡቲ ላይ ኮት የሚለብሰው ወይ አምባሳደር ነው ወይ ቂል፤ አምባሳደር እንዳልሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ከሰፈራችን ከራስ ዲካ ወጥተን ሚኒባስ እስክንይዝ ድረስ ሥራዋን አስረዳችኝ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ልቡ የከበደው፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ትምህርቱ እንደ ጭነት የተጫነው ተማሪ ገብቶ የሚናገርበት ክፍል ተከፍቷል። እሷና ጓደኞቿ ተማሪውን ወደዚያ ክፍል የሚያገናኙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

"ጥሩ ክፍል ነው አባባ። ባለሙያዋ ጎበዝ ናት። ውሃ አለ፣ ቬንትሌተር አለ። ትልቅ ማስታወቂያም በሩ ላይ ለጥፈናል። ሰው ግን እዚያ በር ጋ ሲደርስ ጫማውን ማየት ይጀምራል፤ ጫማውን እያየ ያልፋል።"

"ሰው እንዳያየው ነዋ።"

"እኮ። ምን ይሻላል ትላለህ?"

ምክር የተጠየቀ ሽማግሌና ቁልቁለት ያገኘ ጎማ አንድ ናቸው። አፌን ልከፍት ስል ሚኒባሱ ሽቅብ ወደ ባልባላ መውጣት ጀመረ። ረዳቱ "ሃያብለ! ሃያብለ!" እያለ የመድረሻውን ሰፈር እየጠራ በሩን በመዳፉ ይደበድባል። ዞር ብል ከኋላችን፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ባሕሩ ተገለጠልኝ። ሸሽቶ ነበር። የኛ ከተማ ባሕር እንዲህ ነው፤ ቀን በቀን ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ ግራጫ ጭቃና የሸርጣን ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይመለሳል። በዚያ ግራጫ ሜዳ መካከል ቀጭን ልጅ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ መሰለኝ። ዓይኔ እንኳን ያን ያህል ርቀት፣ የገዛ ጫማዬንም አጥርቶ አያይም። ሆኖም መሰለኝ።

"ጌታቸው" አልኩ ሳላስበው።

ማኅሌት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ንገረኝ" አለች። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። እንደገና ነገርኳት።

ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ እያፏጨ በሚገባበት ዘመን ነው። ከሄሮን ሰፈር ወዲያ፣ ባሕሩ አጥር ሥር፣ ለባቡሩና ለወደቡ ጸሐፊ የሚያሠለጥን ትንሽ ኮሌጅ ነበረ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ግቢው ውስጥ ነፋስ ያጎበጣቸው ጥቂት ዛፎች፣ ዛፎቹ ላይ ደግሞ ቁራ። ጅቡቲ ከሰው ይልቅ የቁራ ከተማ ናት ብል ሰው ሊቀየመኝ ይችላል፤ ቁራዎቹ ግን አይክዱም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር እኔም በእግሩ እንድተካ እዚያ አስገባኝ። ቤታችን በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ የኮሌጁ ሕግ ነውና አዳሪ ሆንኩ። እናቴ ሦስት ሰፈር አልፌ ስሄድ ባሕር ማዶ የምሄድ ይመስል አለቀሰች።

በመኝታ ክፍላችን ሦስት ነበርን። ዑመር የዚሁ ከተማ ሶማሌ ነው፤ ሳቂታ፣ የትኛውንም ቋንቋ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሚናገር። ጌታቸው ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ልጅ ነው። አባቱ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤ ሲሸኙት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጣቢያ ወጥቶ "ጸሐፊያችን" እያለ እጁን ስሞታል አሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔ በሁለት ነገር የታወቅኩ ነበርኩ። አንደኛው መብላት ነው። ሁለተኛው መታመም።

መታመሜ ሙያ ነበር ማለት እችላለሁ። በኮሌጁ ውስጥ የጣሪያ ቬንትሌተር የነበረው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ክሊኒኩ። ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ በየጥላው ሲሸሸግ፣ ግድግዳው ራሱ እንደ ምድጃ ሲተነፍስ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ክሊኒኩን አንኳኳለሁ። የምትከፍተው ማዳም ሐዋ ናት። ማዳም ሐዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ስለሆነች አማርኛዋ ከእኔ ይጥማል፤ ሰፊ ሴት፣ ነጭ ጋውን፣ ከሥሩ ባለ አበባ ድሪዓ ቀሚስ። "ዛሬ ደግሞ የትኛው ሆድህ ነው?" ትለኛለች። አፌ ውስጥ ቴርሞሜትር ትከትና ታስተኛኛለች። ትኩሳት እንደሌለኝ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ቴርሞሜትሩ አፌን መዝጊያ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ቬንትሌተሩ የሚያመጣውን ነፋስ አዳምጣለሁ፤ ነፋሱ ውስጥ ያልሄድኩበት አገር ሁሉ ነበረ።

ማዳም ሐዋ ታዲያ አንድ ነገር ይቆጫት ነበር። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሁላችንንም ሰብስባ፣ "ለትኩሳትና ለቁስል ብቻ አይደለም የተቀጠርኩት፤ የጨነቀውም ይምጣ" ትላለች። አንድም ሰው መጥቶላት አያውቅም። ትኩሳት ሳይኖረው ክሊኒክ የገባ ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ወይ እንደ እኔ ሰነፍ ነው ወይ "ነካ አድርጎታል" ይባላል። ሰነፍ መባል ይቻላል፤ እኔ ችዬዋለሁ። ሌላኛው ስም ግን በማግስቱ ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይገባል።

ያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ጌታቸው ምግብ መተው ጀመረ። ማንም ምንም አላለም። ምን ይባላል? ጾም ነው። ወጥ ቤቱ የሙስሊም ስለሆነ ሥጋውን እኛ የክርስቲያን ልጆች አንነካም፤ በፍስክ እንቁላል ይጠበስልናል፣ በጾም ምስርና ሩዝ። ጌታቸው ምስርና ሩዙንም ወደ እኔ ገፋ ያደርጋል፤ "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው" ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። ዑመር ጾም የሚያከብር ሰው ነውና፣ አንድ ሰው ጌታቸውን "ብላ እንጂ" ሊለው ከቃጣ በክርኑ ይጎስመዋል። "ተወው፣ ከአላህ ጋር ነው ያለው" ይላል። እኔ ደግሞ ከሳህኑ ጋር ነበርኩ። ያ ጾም እሱን ሲያከሳው እኔን አወፈረኝ፤ አንድ ሰው ጾሞ ሌላው ሲወፍር በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ፋሲካ መጣና አለፈ። እናቴ ዶሮ ሠርታ ጌታቸውን ቤት ወሰድኩት፤ እንጀራውን ከወጡ ጋር ሲያስተዋውቅ ዋለ፣ አልበላም። ሙቀቱ በረታ። ጌታቸው ከሰዓት ከሰዓት ከክፍል መጥፋት ጀመረ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ባሕሩ ሲሸሽ እሱ ይከተለዋል። ጫማውን በእጁ ይዞ ግራጫው ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጉልበቱን አቅፎ ይቀመጣል። ውሃው ሲመለስ ይነሳል። በየቀኑ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ በየቀኑም ትንሽ ዘግይቶ ይነሳ ነበር።

አንድ ምሳ ላይ ነው። እንቁላሌን ጨርሼ ቀና ብል ሳህኑ እንደ ልማዱ ወደ እኔ እየመጣ ነው።

"ምነው?" አልኩት ለወጉ ያህል።

"ረቡዕ ነው" አለ።

"እሺ" ብዬ ጎረስኩ። ሁለተኛውን ስጎርስ መንጋጋዬ ቆመ። አፌ ሙሉ እንቁላል ነው። ረቡዕ ነው። እኔ፣ እናቱ በጾም ቀን ወተት የምታሸት እንኳ እንዳይመስልባት ፊቷን የምታዞር ልጅ፣ ረቡዕ በጠራራ ፀሐይ እንቁላል የምበላው በሃምሳው ውስጥ ስለሆንን ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ጌታቸው ደግሞ ዲያቆን ነበር።

ጾም አልነበረም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር ያዝኩት። "ማዳም ሐዋ ጋ እንሂድ" አልኩት።

"ምን ሆኜ? ትኩሳት የለኝ።"

"እኔስ መቼ ኖሮኝ ያውቃል?"

"አንተ አንተ ነህ" አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ደስ ባለኝ። "እኔ ያንን በር ከነካሁ አባቴ ጣቢያ ላይ አንገቱን ነው የሚደፋው። ተወኝ፣ በቀስታ ይለቀኛል።" ጫማውን አወለቀና ወደ ባሕሩ አቀና።

እዚያው ቆሜ ጀርባውን አየሁ። ሸሚዙ በነፋስ ሲሞላ ውስጡ ሰው ያለበት አይመስልም። ብሄድና ለማዳም ሐዋ ብነግራት ትጠራዋለች፤ ቢጠራ ሁሉም ያያል፤ ሁሉም ካየ በነጋታው ዕቃውን ይሸክፋል። ለዑመር ብነግረው ዑመር በአራት ቋንቋ ያወራዋል። የቀረኝ ሙያዬ ብቻ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ተከተልኩት።

እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ሲራመድ ሕልም ውስጥ የሚራመድ ይመስለዋል። ጭቃው ሞቃት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እግርን ይስማል። ሰማዩና መሬቱ አንድ ቀለም ሆነው ከተማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ የወደቡ ክሬን፣ ነጫጮቹ ቤቶች፣ የቁራዎቹ ጩኸት፣ ሁሉም አንድ ሰው ራቅ አድርጎ ያስቀመጣቸው ይመስላሉ። አጠገቡ ስደርስ ዞር አላለም። ተቀመጥኩ።

"ውሃው ሲመለስ ድምፁን ሰምተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ድምፅ የለውም። ታየዋለህ እንጂ አትሰማውም። ሁሉም ነገር እንዲያ ሆኖብኛል። ሰው ያናግረኛል፣ አፉን አያለሁ።"

ውሃው እንደ ቀጭን መስታወት እየተሳበ መጥቶ የእግሬን ጣት ነካኝ። ጌታቸው አልተነሳም። ቁርጭምጭሚታችን ጋ ደረሰ፤ አልተነሳም። ያኔ ሆዴን ይዤ ጮህኩ።

በሕይወቴ ካደረግኳቸው ሕመሞች ሁሉ ያቺ ትበልጣለች። ጎኔን ጭቃው ላይ ጣልኩ፣ ተንፈራገጥኩ፣ እናቴን ጠራሁ፣ ቅድስት ማርያምንም ጠራሁ። ውሃ አፌ ስለገባ ሳሉ እንኳ እውነት ነበር።

"ምን ሆንክ?"

"ሆዴ... አንጀቴ... ጌቾ፣ አድርሰኝ።"

"ተነሳ እስቲ።"

"አልችልም። ሂድና ሰው ጥራ፣ እኔን ተወኝ" አልኩት፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንዳበዛሁት ይሰማኛል።

ለራሱ ጣቱን የማያነሳ ሰው ነበር። ነገር ግን በኛ ዘንድ የታመመ ሰው ተትቶ አይኬድም፤ ይህ ሕግ ከሐዘኑም ከሸክሙም በፊት አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ አለ፣ ክንዴን ትከሻው ላይ አደረገ፣ ሳብ አደረገኝ። የራሱን ሁለት ወር ምሳ በእኔ ላይ ተሸክሞ ሄደ ማለት ነው። እየተንገዳገደ፣ ላቡ እየፈሰሰ፣ "አይዞህ፣ ደረስን" እያለኝ። በጆሮዬ ሥር ትንፋሹን እሰማለሁ። ያን ያህል ሲተነፍስ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር።

ግቢው ውስጥ ልጆቹ ሲያዩን ሳቁ። "እርጉዟ ምጧ ደረሰ" አለ ዑመር። የሳቁት በእኔ ነው። ወደ ጌታቸው ያየ አልነበረም።

ማዳም ሐዋ በሩን ከፍታ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ጭቃዬን አየች፤ ከዚያ የተሸከመኝን ልጅ አየች። ዓይኗ እሱ ላይ ቆየ። እኔን አልጋው ላይ ጥላ ቴርሞሜትሩን አፌ ውስጥ ከተተች። "ይሄ እንዳይወድቅ" አለችኝ። ወደ ጌታቸው ዞረች።

"አንተ ነህ የተሸከምከው?"

"አዎ።"

"ከባድ ነው። ተቀመጥ። እስኪሻለው መጠበቅ አለብህ፤ ብቻውን አልተወውም።" ስኳር የበዛበት ሻይ ሰጠችው። ይሉኝታው ያዘውና ጠጣ። "ምሳ በልተሃል?"

"ረቡዕ ነው" አለ።

እኔ ቴርሞሜትሬን ነክሼ አንገቴን ከወዲያ ወዲህ ወዘወዝኩ። አየችኝ። ድሬዳዋ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገች ሴት ናት። ወንበሯን ብቻ ጠጋ አደረገች።

በማግስቱ ለኮሌጁ ሹም የእኔ ሆድ ክትትል እንደሚያስፈልገው፣ ከሰዓት ከሰዓት ክሊኒክ መተኛት እንዳለብኝ፣ መንገድ ላይ እንዳልወድቅ የሚያደርሰኝም ጌታቸው እንደሆነ አስታወቀች። እንዲህ ሆኖ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት ጌታቸው እኔን ክሊኒክ ያደርስ ጀመር። ማዳም ሐዋ መጋረጃውን ትስባለች። እኔ ከወዲህ እተኛለሁ፤ እነሱ ከወዲያ ያወራሉ። ምን እንዳወሩ ዛሬም አላውቅም። ቬንትሌተሩ ቃሉን ይበታትነውና የሚደርሰኝ ድምፁ ብቻ ነው፤ የእሷ እንደ ወፍራም ጨርቅ፣ የእሱ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ኋላ ኋላ ትንሽ ወፈር ያለ። አንድ ቀን እያለቀሰ ነበር መሰለኝ። ልሰማ ብዬ ጆሮዬን ሳቆም እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ለምስጢር የተፈጠርኩ ሰው ነኝ።

በነጻ አልነበረም ታዲያ። ማዳም ሐዋ በየቀኑ የጉሎ ዘይት ታጠጣኝ ነበር። "ሕመምተኛ መድኃኒት ካልጠጣ ሰው ይጠረጥራል" ትለኛለች፤ ዓይኗ ይስቃል። ልጆቹ በጀልባ ወደ ደሴት ሽርሽር ሲሄዱ "እርጉዟ ትቅር፣ ማዕበሉ አይሆናትም" ተብዬ ቀረሁ። ሰነፍ ለመባል ለምጄ ነበር፤ እርጉዝ መባል ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ነው፣ አንድ ምሳ ላይ፣ የራሴን ጨርሼ እጄን እንደ ልማዴ ወደ ጌታቸው ሳህን ላክሁ። በማንኪያው ጀርባ አጥንቴን መታኝ።

"የራሴ ነው" አለ።

ዑመር ሳቀ። እኔ እጄን እያሸሁ ዓይኔ እንባ ሞላ። ማንኪያው ነው አልኳቸው።

"ከዚያስ?" አለች ማኅሌት፣ መጨረሻውን እያወቀች።

"ከዚያማ ጸሐፊ ሆነ። ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ሸመገለ። በየእሑዱ እየደወለ 'ሆድህ እንዴት ነው?' ይለኝ ነበር።" ነበር አልኩ። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ አይደውልም። ልጁ ናት ደውላ የነገረችኝ፤ በእንቅልፉ ነው ያረፈው፣ በሰላም። በሽማግሌ ሞት ማን ይገረማል። እኔም አልተገረምኩም። እሑድ እሑድ ብቻ ስልኩን አጠገቤ አስቀምጣለሁ።

"ስለዚህ" አልኳት፣ "ልጆቹን ግቡ አትበሏቸው። ለራሱ የማይሄድ ሰው ለሌላው ይሄዳል። አድርሰኝ በሉት፣ ፈራሁ በሉት።"

"እሺ አባባ" አለች። "ደርሰናል።"

ክንዴን ይዛ በግቢው ውስጥ ወሰደችኝ። በሩ ላይ እውነትም ትልቅ ማስታወቂያ አለ። ስንደርስ ጫማዬን እያየሁ እንደነበር ኋላ ነው ያስተዋልኩት። ውስጡ ቬንትሌተር ይዞራል። ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ከወንበሯ ተነስታ እጅ ነስታ በአማርኛ ሰላም አለችኝ። "እኔ ውሃ ላምጣ" ብላ ማኅሌት ወጣች፤ በሩን ከኋላዋ በቀስታ ዘጋችው። እኔ የልጅቷን ተራ ልጠብቅላት በሚል ኮቴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

"ይሞቃል ዛሬ" አለችኝ ሴትየዋ። "ቁርስ በልተው ነው የወጡት?"

"ረቡዕ ነው" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ በቬንትሌተሩ ሥር አንድ ጊዜ ዞረ። ከፋሲካ ገና ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ሴትየዋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። በሕይወቴ ያን ያህል ቴርሞሜትር ናፍቆኝ አያውቅም፤ አፌ ክፍት ነበርና ተናገርኩ። ስለ እሑድ፣ ስለ ስልኩ። ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ፤ ስወጣ ጥላው ከግድግዳው ወዲያ ዞሮ ነበር።

ማኅሌት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ውሃ አልያዘችም።

"ፍርሃቱ ለቀቀሽ?" አልኳት።

"ትንሽ። የሚቀጥለው ሳምንትም ታደርሰኛለህ?"

"ምን ይደረግ። ብቻሽን አልተውሽ።"

ይህን ሁሉ ዓመት ጌታቸውን ያታለልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ስቀመጥ ግን ያ ልጅ ጭቃው ላይ የተጋደመውን፣ ሆዱ ምንም ያልሆነውን ጓደኛውን ቁልቁል ሲያይ ምን አስቦ ይሆን አልኩ። እኔ ማኅሌት ምንም እንደማትፈራ አላውቅም ነበር? ሰው እንዲሸከሙት ሲፈልግ የሚሸከመው ነገር ሲሰጡት ደስ ይለዋል፤ አይጠይቅም።

ቁልቁል ስንወርድ ባሕሩ ተመልሶ ነበር፤ ማንም ሲመለስ አልሰማውም። ማኅሌት ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ጭኔ ላይ አኖረችው። የጠዋቱ እንቁላል ነው፤ በዳቦው ውስጥ። ገመጥኩ። ትንሽ ቆይታ እጇን ዘርግታ ልትቆርስ ስትል በጣቶቼ ጀርባ መታኋት።

"የራሴ ነው" አልኳት።

እጇን እያሸች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንቁላሉ ቀዝቅዟል፤ ቃሪያው ያቃጥላል። ረቡዕ ነበር።